ነፋስ የሞላው ታንክ

ቀኛዝማች ዘለለው የሚኮሩባት አንዲት አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። አንድ ቀን ነዳጅ ሊያስቀዱ ማደያ ቆሙ። መኪናዋ ግን ነዳጅ ቀጂው በቀዳላት ቁጥር ጥቂት ትጎርስና መልሳ ትተፋለች። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ይንቃቃል።

"ይሄ ቀጂ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ፈልጎ ነው! እሰሩልኝ!" አሉ ቀኛዝማች። ዘበኞቻቸውም የምስኪኑን እጅ ጠምዝዘው ያዙ።

ቲማቲም ጭኖ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሾፌር ይህን ሲያይ ወረደ። "ጌታዬ፣ ሰውየው ከመታሰሩ በፊት እስቲ አንዴ ልያት" አለና መኪናዋ ሥር ገባ። ነዳጅ ሲቀዳ የታንኩን አየር የምታስወጣው ቀጭን ቱቦ በጭቃ ተደፍና አገኛት። በሽቦ ጠርጎ ራሱ ቢቀዳ፣ ነዳጁ አንድ ጠብታ ሳይመለስ ጅው ብሎ ገባ።

ቀኛዝማች ግን ከማመስገን ይልቅ አፈጠጡበት። "በል ንገረኛ! የኔ መኪና ምን ጎድሏት ነው እንዲህ ያስቸገረችው? ነውር ካወጣህባት ከቀጂው ጋር ትታሰራለህ!"

"ኧረ ምንም አልጎደላት ጌታዬ" አለ ሾፌሩ እጅ እየነሳ። "እንዲያውም ተርፏት ነው። ውስጡን ነፋስ የሞላው ቶሎ አይገባውም።"

ተሰላፊው ሳቁን አፈነ። ቀኛዝማች በርበሬ መሰሉ። "አንተ ባለጌ! እኔን ነው?"

"እኔስ ታንኩን ነበር ያልኩት" አለ ሾፌሩ፤ "እርስዎ ግን እንዴት ቶሎ ገባዎት!"

ዘበኞቹም ሳቅ አሸንፏቸው የቀጂውን እጅ ለቀቁት።