ክብደቱን የተሸከመው ሽጉጥ

አንዲት ሽጉጥ ጠጋኝ ነበረች። ጥያቄሽን አልረሳሁትም እህቴ፤ «ፍሬኑን በደንብ ሳላይ ፈርሜ ያሳለፍኩት አውቶቡስ እስካሁን ማንንም አልጎዳም፤ ዛሬ ተነስቼ ብናገር ራሴን ከማዋረድ በቀር ምን እፈይዳለሁ?» ነው ያልሽኝ። መልሱን ከእኔ ከምትሰሚው ከዚህች ሴት ብትሰሚው ይሻላል።

አልጋነሽ ትባላለች። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የገበሬ ጠመንጃ ሲጠግን የኖረ ሰው ሲሆን፣ እሷ ግን የአንድ የተኩስ ስፖርት ቡድን የውድድር ሽጉጦችን ነበር የምትይዘው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሽጉጡን መፍታት፣ የባሩዱን ጥቀርሻ ማስለቀቅ፣ የደከመ ሞላ መቀየር፣ ዘይት ጠብ አድርጎ መልሶ መግጠም። ዋናው ሙያ ግን ጣት የሚስበው ምላጭ ላይ ነው። ምላጩ የከበደ እንደሆነ የተኳሹ እጅ ይንቀጠቀጥና ጥይቱ ከኢላማው መሀል ይሸሻል። የቀለለ እንደሆነ ደግሞ ሳይፈልጉት ይተኩሳል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ አልጋነሽ ታውቃት ነበር። ተኳሾቹ «የእሷን ምላጭ ከሳብን በኋላ የሌላው ሰው ምላጭ የበር መቀርቀሪያ ይመስለናል» እያሉ ያሞግሷት ነበር፤ እሷም ሙገሳውን አትጠላም።

ውድድሩ ሕግ አለው። በውድድሩ ጠዋት ዳኛው ባዶውን ሽጉጥ ያቀባብልና፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቁሞ፣ ምላጩ ላይ አንድ ኪሎ የሚመዝን ብረት ያንጠለጥላል። ከዚያ ሽጉጡን ከነብረቱ ቀስ ብሎ ያነሳዋል። ምላጩ ብረቱን ተሸክሞ ከቆየ ሽጉጡ አለፈ። ጥይቱን የሚያስተኩሰው መዶሻ ቀጭ ብሎ ከወደቀ ግን ምላጩ ከሚገባው በላይ ቀሏል ማለት ነውና ሽጉጡ ይታገዳል። ሌላ ፈተና የለም።

ያ ቡድን ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጣ። በአራተኛው ዓመት የቡድኑ ሰብሳቢ የሆኑ አንድ ጡረታ የወጡ ሻለቃ፣ የአንደኛውን ተኳሽ የታረቀኝን ሽጉጥ ይዘው ወደ አልጋነሽ መጡ።

«ይህ ምላጭ ኪሎዋን ብቻ ይሸከምልኝ። ከኪሎ በላይ አንዲት ፍሬ ጤፍ አልፈልግም» አሏት።

«መዶሻውን የሚይዘውን ጥርስ ይህን ያህል ካሳሳሁት ይከዳል ሻለቃ።»

«አባትሽ ቢሆኑ እንዲህ አይሉኝም ነበር።»

ይህቺ ንግግር ገብታ ተሰነቀረችባት። ሦስት ቀን ሙሉ አቀርቅራ ጥርሱን በደቃቅ ድንጋይ ስትስል፣ ስትመዝን፣ እንደገና ስትስል ከረመች። በአራተኛው ቀን ምላጩ ኪሎውን ተሸከመ፤ ከዚያ በላይ ግን አልተሸከመም። ታረቀኝ ሞክሮት «እትዬ፣ ይህ ምላጭ አይሳብም፤ ሐሳቤን ሰምቶ ነው የሚሄደው» አላት። ደስ አላት።

በጠጋኞች ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ጥርሱ የሳሳ ሽጉጥ ሲቀባበል፣ ጥይቱን የሚያጎርሰው የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ከተሳበ በኋላ እንዲሁ አይለቀቅም። በእጅ ተይዞ በቀስታ ይመለሳል። ጥርሱ ቶሎ እንዳይበላ ነው ይላሉ። አልጋነሽም ለታረቀኝ ይህንኑ መከረችው፤ ራሷም በጠረጴዛዋ ላይ ያንን ብረት አንድም ቀን ለቃ አስጩኻው አታውቅም። ስለዚህ ብረቱ በራሱ ኃይል ሲዘጋ ሽጉጡ ምን እንደሚሆን አላየችም። ሙያውን የማያውቅ ሰው ቢሆን ገና በመጀመሪያው ቀን ለቆ ያየው ነበር። የጋረዳት ጥንቃቄዋ ነው።

ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው፣ መለማመጃቸው በሆነው የድሮ የድንጋይ ካባ ውስጥ ተኳሾቹ ተሰልፈው ሲለማመዱ፣ የታረቀኝ እጅ በላብ አዳለጠውና ብረቱ አምልጦት በኃይል ተዘጋ። ሽጉጡ ባረቀ። ጥይቱ ከጎኑ ከቆመው ሰው እግር አንድ ክንድ ርቆ መሬቱን አረሰው።

«አንተ! ጣትህን ምን ነካው?»

«ምላጩን አልነካሁም!»

«እና ሽጉጡ አስቦበት ነው የተኮሰው?» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ። የደነገጠ ሰው ሳቅ ነበር፤ ግን ሳቅ ሳቅ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ታረቀኝ «ችኩል ጣት» ተባለ። አጠገቡ ለመቆም ማንም እሺ አላለም። «እኔ ልጆች አሉኝ፤ ከዚህ ሰው ጎን አታቁሙኝ» እያሉ ሲሸሹት፣ ከሁሉም ለይተው ዳር ላይ አቆሙት። እሱም ቀስ በቀስ አመናቸው። ኢላማውን መመልከቱን ትቶ ጣቱን ይመለከት ጀመር።

አልጋነሽ ያንኑ ዕለት ሽጉጡን ወደ ክፍሏ ወስዳ፣ ጥይት እንደሌለበት አረጋግጣ፣ የላይኛውን ብረት ሳበችና ለቀቀችው። ምንም የለም። ደገመችው። ምንም የለም። በሰባተኛው መዶሻው ማንም ሳይነካው ወደቀ።

ወደ ሻለቃው ሄደች። ሰሟትና «ክብደቱን ይሸከማል፣ አይሸከምም?» አሏት።

«ይሸከማል።»

«ታዲያ ሕጉ ሌላ ምን ይላል?»

«ሕጉ ምንም አይልም ሻለቃ። ሰው ግን ይሞታል።»

«የሞተ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አትንኪው። አሁን ብትነካኪው ልጁ የለመደውን ምላጭ ያጣል። በእጁ ይዞ ይዝጋ፣ አለቀ። ከውድድሩ በኋላ ብትፈልጊ አቅልጠሽ ማንኪያ አድርጊው።» ይህን ብለው ሽጉጡን ከእጇ ተቀበሉና ለልምምድ ብቻ እያወጡ ሊሰጡት ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ዘጠኝ ቀን ዝም አለች። ለዝምታዋ ምክንያት አላጣችም፤ ምክንያት መቼም ጠፍቶ አያውቅም። ሴት ልጅ ሽጉጥ ስትጠግን ያልወደዱ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው እየጠበቋት ነበር። የአባቷ ስም አለ። የቡድኑ የሦስት ዓመት ልፋት አለ። ደግሞስ ማን ሞተ? ማንም አልሞተም። በየቀኑ ግን ታረቀኝ ከሰው ተለይቶ ዳር ቆሞ ጣቱን ዘርግቶ ሲያየው ታየዋለች፤ እሱም ቀና ሲል ሰላምታ ይሰጣታል። ከሁሉም የከበዳት ያ ሰላምታ ነበር።

የውድድሩ ጠዋት ደረሰ፤ ውድድሩም በዚያው ካባ ነበር። ዳኛው የታረቀኝን ሽጉጥ አቀባበለ፤ በእጁ ይዞ፣ በቀስታ፣ እንደ ልማዱ። የኪሎዋን ብረት አንጠለጠለ። አነሳው። ምላጩ ክብደቱን ተሸክሞ ቆመ።

«አልፏል!»

«አላለፈም» አለች አልጋነሽ።

ዳኛው ዞር አለ። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«የጠገንኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ደስ ይበልሽ እንጂ፣ አልፏል እኮ!» ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ደስ አላለኝም። ሽጉጡን ስጠኝና ፊትህ ልፈትነው።»

ሻለቃው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ዳኛው ግን ነገሩ ገርሞት ሽጉጡን ሰጣት። ባዶ መሆኑን ለእሱም ለሕዝቡም አሳየች። አፈሙዙን ወደ ካባው ግድግዳ አዞረች። ምላጩን የምትስብበትን ሌባ ጣቷን ሁሉም እንዲያየው ወደ ላይ ቀስራ፣ በሌላው እጇ የላይኛውን ብረት ሳበችና ለቀቀችው።

ምንም የለም።

እንደገና። ምንም የለም። እንደገና።

«እትዬ፣ የማይዘጋ በር ይዘሽ ነው እንዴ?» አለ አንድ የሌላ ቡድን ተኳሽ።

«ተዋት ባክህ፣ ክንዷን እያፍታታች ነው!»

ሰባት። ስምንት። ብረቱ በተዘጋ ቁጥር የካባው ግድግዳ ድምፁን እየተቀበለ ይመልሰዋል፤ መዶሻው ግን ጥርሱን ነክሶ ቆሟል። አሥር። ፊቷ በላብ ወረዛ። እውነቱን ልንገርሽና፣ እዚህ ላይ መዶሻው እንዳይወድቅ የተመኘችበት ቅጽበት ነበር። ካልወደቀ ይስቁባታል፣ ትገባለች፣ አለቀ። ሥራዋም ስሟም ይተርፋል።

«ይብቃሽ ሴትዮ! ቡድኑን አታዋርጂ!» አሉ ሻለቃው።

«ካልወደቀ የምዋረደው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ምን አስጨነቀዎት?»

አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ሳቁ ቀስ በቀስ እየቀነሰ መጣ፤ ይቺ ሴት እስኪመሽም ቢሆን እንደማታቆም ሰዉ ገብቶታል። አሥራ ሦስት።

በአሥራ አራተኛው፣ ቀጭ።

ዳኛው መጀመሪያ ያየው ሽጉጡን ሳይሆን ጣቷን ነው። እንደተቀሰረ ነበር።

«ይህን ጥርስ ያሳሳሁት እኔ ነኝ» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሻለቃ አዘዙኝ፤ እጁ ግን የእኔ ነው። ታረቀኝ ምላጩን አልነካሁም ሲላችሁ እውነቱን ነበር። በጣቱ ስታሾፉ የነበራችሁ፣ ኑና በእኔ አሹፉ!»

ያሾፈ አልነበረም።

ሽጉጡ ታገደ። ታረቀኝ በሌላ ሽጉጥ አልተመዘገበምና ቡድኑ ያለ አንደኛ ተኳሹ ገብቶ ያን ዓመት አምስተኛ ወጣ። ሻለቃው ገና እዚያው ሳሉ «ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ዓይንሽን እንዳላይ» አሏት። «አያዩኝም፤ ጥርሱን ሳላወጣ ግን አልሄድም» አለችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሽጉጡን ፈታ ያንን ስስ ጥርስ አወጣችው፤ ዳግመኛ ማንም እንዳይገጥመውም በሞረድ አበላሸችው። አንድ ሰው እንኳ ሊከለክላት አልደፈረም።

ሥራዋን ሳትጨርስ ታረቀኝ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ ጠዋት» ብትለው ያምናታል። ጀግና አድርጎ ሊያያት የተዘጋጀ ፊት ነበረው።

«ከዚያው ከባረቀብህ ቀን ጀምሮ» አለችው።

«እኔ እኮ እዚያ ዳር ቆሜ ሰላም እልሽ ነበር» አላትና ሄደ። አላመሰገናትም። እሷም ይቅር በለኝ እያለች አልተከተለችውም፤ ያወጣችው ጥርስ በእጇ ነው፣ ሥራዋን ጨረሰች።

ዛሬ የልብስ ስፌት መኪና ትጠግናለች። ታረቀኝ አሁንም ይተኩሳል፤ ጎኑም ሰው ይቆማል።

እንግዲህ እህቴ፣ ይህ የአንቺ ነገር ነው። ያ ሽጉጥ የአንቺ አውቶቡስ ነው፤ ኪሎዋ ደግሞ ፈርመሽ ያሳለፍሽው ወረቀት። ወረቀቱ ትክክል ነው፣ ማኅተሙም አለበት፣ ማንም አንቺን በሕግ አይጠይቅሽም። «ማንም አልተጎዳም» አልሽኝ። ሾፌሩስ? ባለፈው ሳምንት በዚያው አውቶቡስ ከመናኸሪያው አጥር ጋር ሲላተም «ፍሬን ያዝኩ፣ አልያዘልኝም» ብሎ የጮኸውን ሰውዬ፣ «እግርህ ሰነፈ፣ አርጅተሃል» ብለው መኪና ወደ ማጠብ ያወረዱትን፣ አንቺው ራስሽ አይደለሽም እንዴ እየሳቅሽ የነገርሽኝ? ያ ሰው አሁን እግሩን እያየ ነው። እሱን ያልተጎዳ ካልሽው የተጎዳ የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው? አውቶቡሱም ዛሬ በሌላ ሾፌር ሰው ጭኖ ወጥቷል።

ከአንቺ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም የምቆጣሽ። አልጋነሽ ዘጠኝ ቀን ነው ዝም ያለችው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት ዝም ያልኩበት ነገር አለኝ፣ አሁን የምነግረውም ሰው በሕይወት የለም። የአንቺ ሰው ግን አለ።

ተነሺና ሂጂ። ይስቁብሻል፤ ይሳቁ። «ማስረጃሽ የታለ?» ይሉሻል፤ መኪናው ይፈተሽ በያቸው፣ አንዴ ፈትሸው ደህና ነው ካሉሽም እንደገና ይፈተሽ በይ። አለቃሽ ያባርርሽ ይሆናል፤ ያባርር። ይቅርታ አገኛለሁ ብለሽ ግን አትሂጂ፣ ላታገኚ ትችያለሽ። አፍሽን ስትከፍቺም ስለ ራስሽ ከማውራትሽ በፊት የሾፌሩን ስም ጥሪ።