ግማሽ ጆንያ ማዳበሪያ

አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ነበረች፤ ማሳዋ ላይ ማዳበሪያ የምትጨምረው እየቆጠበች ነው። የወረዳው ሹም አቶ ሽባባው ግን «ማዳበሪያ በበዛ ቁጥር እህል ይበዛል» ባይ ነበሩና ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። አገሬውን ሰብስበው ሴትዮዋን ከፊት አቆሟት።

«ጎረቤቶችሽ ሁለት ሁለት ጆንያ ሲያፈሱ አንቺ ግማሽ ጆንያ? ወይ ምክንያትሽን ተናገሪ፣ ወይ መሬትሽን ለጎበዝ ገበሬ እሰጠዋለሁ!»

ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ከዚያች መሬት ሌላ የምትበላበት የላትም። ቢሆንም ነጠላዋን አጣፍታ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ሰብሌን የሚያጠግበው ግማሽ ጆንያ ነው። ከዚያ የተረፈው ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ሽቅብ እየወጣ አየሩን ያግላል፤ ከፊሉን ዝናብ አጥቦ ታች ኩሬው ውስጥ ይከተዋል።»

«ማን አየው?» አሉ ሹሙ።

«ከብቶቻችን አይተውታል። ውሃው አረንጓዴ ስለለበሰ አንጠጣም ብለዋል።»

ሕዝቡ ሳቁን አፈነ። ሹሙ ግን ባሰባቸው።

«መሬቱን ለጎበዝ ገበሬ እሰጠዋለሁ ብያለሁ!»

«እንግዲያው ለኩሬው ይስጡልኝ» አለች ሴትዮዋ። «የጎረቤቶቼን ማዳበሪያ በልቶ እንደሱ የለመለመ በዚህ ቀበሌ የለም።»

ሳቁ ሲፈነዳ ሹሙም አብረው ሳቁ፤ መሬቷም ለእሷ ጸናላት።