የስም ጠሪው መደብ

በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት፣ በር ላይ ቆሞ ባለጉዳዮችን በየስማቸው እየጠራ ወደ ችሎት የሚያስገባ ሰው ነበረ። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ዓመት ሲቀረው «ሠራተኛ ቀንሱ» የሚል ደብዳቤ ከበላይ መጣ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ከውሳኔ ይልቅ ቀጠሮ መስጠት የሚቀናቸው ዳኛ ነበሩ። ለቅነሳው ግን ቸኮሉና መጀመሪያ ያስጠሩት እሱን ሆነ።

«ስም መጥራት ጉሮሮ ያለው ሁሉ የሚሠራው ነው» አሉት፣ የስንብቱን ወረቀት ወደ እሱ ገፋ አድርገው። «አንተን የማስቀርበት አንድ ምክንያት ካለህ ተናገር። ከሌለህ እዚህ ጋ ፈርም።»

ጠሪው ወረቀቱን አየና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፣ ከባድ ሥራ አይደለም። ወይዘሮ አልጣሽን በድንበር ክስ ዘጠኝ ዓመት ጠራኋቸው። እሳቸው ሲያርፉ ልጃቸውን መጥራት ጀመርኩ። አሁን ደግሞ ለልጅ ልጃቸው ስም አፌን እያሟሸሁ ነው። ያኔ ፈርደው ቢሆን ኖሮ፣ የእኔ መደብ ያለ ደብዳቤ ድሮ ይታጠፍ ነበር።»

ፕሬዚዳንቱ ብዕራቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ በለመደ አፋቸው፣

«መዝገቡን መርምሮ ውሳኔ ለመስጠት ለየካቲት ስምንት ተቀጥሯል» አሉት።

ጠሪው እጅ ነሥቶ ወጣ። ጡረታው ሦስት ዓመት ነው የቀረው፤ በዚያ ቤት ደግሞ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ያለቀ መዝገብ ታይቶ አይታወቅም።