«አባ ተነስ!» ሲባል ማን አቤት ይበል?

በአንድ ወቅት፣ ሰው አባቱ ባወጣለት ስም ሳይሆን በፈረሱ ስም በሚከበርበት አገር ነው ነገሩ የሆነው። በዚያ አገር ፈረሱ «ገስግስ» ከተባለ ባለቤቱ «አባ ገስግስ» ነው። ሚስቱም፣ ጎረቤቱም፣ ጠላቱም እንደዚያው ይለዋል። ሲሞት እንኳ አልቃሽ የምታነሳው ያንኑ ስም ነው። የፈረስ ስም የሌለው ሰው እዚያ አገር ሰው ነው ለማለት ያህል... ኧረ ተዉት፣ ሰውስ ሰው ነው።

ፈረስ ለአዲስ ባለቤት ሲሰጥ ደግሞ ወግ አለው። የአገሩ የፈረስ አለቃ፣ ባልደራሱ፣ ሜዳው መሃል አለንጋ ይዞ ይቆምና የፈረሱን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። ብቻውን «አቤት!» ያለ ሰው አለንጋውን ይቀበላል፤ ፈረሱም ስሙም የሱ ነው። ሁለት ሰው አቤት ካለ፣ ወይም ማንም ሳይል ከቀረ ግን ፈረሱ ወደ ባልደራሱ ጋጣ ይመለሳል። «ሁለት አባት ያለው ፈረስ የለም፤ አባት የሌለውንም ሜዳ አናወጣም» ይላሉ። ይቺን ወግ ያዙልኝ፣ ኋላ ታስፈልገናለች።

እንግዲህ ባልደራስ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበር፤ ኃይለኛ፣ ግን ቃሉን የማያጥፍ። ከባዝራዎቹ አንዷ ክረምት ሲገባ ወልዳ ሞተችበት። ውርንጭላው ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ሲያዩት ያሳሳል። የፊት እግሩ ግን ከጉልበቱ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል፤ መቆም አልቻለም።

«አውጡና ለጅብ ጣሉት» አለ ባልደራሱ። ፊቱን አዙሮ ነው ያለው፤ ጨክኖ አይደለም።

የባልደራሱን ጋጣ ሲጠርግ ኖሮ የሞተ አንድ ሰው ነበር። ሚስቱንና ሦስት ልጆች ትቷል፤ ትልቁ ደምለው፣ መካከለኛዋ አንጓች፣ ትንሹ ሽባባው። ፈረስ ፈረስ ሲሉ አደጉ እንጂ አንድም ቀን ፈረስ ኖሯቸው አያውቅም። ውርንጭላው ሊጣል ነው ሲባል ሦስቱም እየሮጡ መጥተው ባልደራሱ እግር ላይ ወደቁ።

«ለእኛ ይስጡን፣ ጌታዬ!» አለች አንጓች።

«ምን ልታደርጉት? ተዝካር ልታወጡለት?»

«እናቆመዋለን» አለ ደምለው።

ባልደራሱ ሳቀ። «እንግዲያው ቆሞ ሜዳዬ ላይ ከሮጠ፣ ያን ቀን ስሙን እጠራለሁ። ከሦስታችሁ አንዱ አቤት ይላል። ወጉ ግን ለእናንተ ብሎ አይለወጥም።»

ደምለው ነገር አያበዛም፤ እሱ ጉልበት ነው። ያለቻቸውን አንዲት ላም እያለበ ወተቱን በቀንድ አጠጣው። ተኝቶ የሚውል ውርንጭላ ይሞታልና ጋቢውን በሆዱ ሥር አሳልፎ ከቤቱ አግዳሚ እንጨት ጋር አንጠለጠለው። ጠዋት ጠዋት «ተነስ! ተነስ እንጂ፣ የኔ ጌታ!» ይለዋል። ሌላ ስም ሳይወጣለት «ተነስ» ሆኖ ቀረ። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ትከሻው ላይ አድርጎ ፀሐይ ሊያሞቀው ይወጣል። ውርንጭላው እየከበደ ሄደ፤ ደምለው ወይ ፍንክች! ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ገደል አፋፍ ጭቃው ከዳውና ተንሸራተተ። ቢለቀው ራሱን ባዳነ ነበር፤ አልለቀቀውም። ዳሌው ተሰበረ። ሰው ሲደርስ ውርንጭላውን እንዳቀፈ «እሱን ያዙልኝ፣ እሱን!» ይላል። ይህን ባወራሁ ቁጥር ይነዝረኛል። ከዚያ በኋላም መደብ ላይ ተኝቶ፣ ሽባባው እያቀረበለት፣ ወተቱን ያጠጣ የነበረው እሱ ነው።

አንጓች ውርንጭላውን ባየች ዕለት ነው ስንቋን የቋጠረችው። ወንዝ ማዶ፣ ቆላው ውስጥ፣ የሰውም የከብትም አጥንት የሚጠግን አንድ ወጌሻ አለ።

«ለሴት አላስተምርም» አላት።

«እኔን ተዉኝ፤ ፈረሱን ያስቡት» አለችው።

ከደጁ አልነሳም አለች። ዝናብ ወረደባት፣ አልተነሳችም። ሲያቅተው አስገባት። ዓይኗን በሻሽ አስሮ የሞተ ፈረስ አጥንት ፊቷ ይቆልልላታል፤ በጣቷ እየዳሰሰች፣ ይሄ የጉልበት፣ ይሄ የትከሻ እያለች ትለያለች። ከተሳሳተች እንደገና ነው። ክረምቱ ሲጋመስ፣ ዓይኗ እንደታሰረ፣ አንድ ሙሉ ፈረስ ገጣጥማ መሬት ላይ አስተኛች። ያ ኩሩ ወጌሻ ተነስቶ ቆመላት! በዚያው ሰሞን መርዶ መጣ፤ እናቷ አረፈች። ገና ማቃናቱን አልተማረችም። ሄዳ ለቅሶ ብትቀመጥ ወንዙ ሞልቶ ሳትመለስ ትቀራለች፣ የውርንጭላውም አጥንት ይጠናል። እዚያው አፈር ላይ ተንከባልላ አለቀሰች፤ አልሄደችም። መስቀል አልፎ መጣች፤ የተነስን እግር በቀርከሃ ጠገነች፣ እየፈታች እያቃናች መልሳ አሰረች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? ተነስ በአራት እግሩ ቆመ። የወንድሟ ዳሌ ግን እሷ ስትደርስ በተጣመመበት ይዞ ነበር። ፈረሱ ቀና፣ ደምለው አነከሰ።

ሽባባውን ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ፈት ነው የሚለው። ግድግዳው ላይ በከሰል ፈረስ ይስላል፣ በጭቃ ፈረስ ይሠራል፤ «ይሄ ልጅ ተኝቶ እንኳ ያሽካካል» እያሉ ይቀልዱበታል። ተነስ አድጎ ለግልቢያ ሲደርስ ጉድ ፈላ። ደምለው ለካ ወተቱን ሲያጠጣ የቀንዱን ጠርዝ ሳይሞርደው ኖሯል! የፈረሱን አፍ ቆርጦ ጠባሳ ጥሎበታል። ከፍቅር ብዛት የተሠራ ስህተት፣ እንግዲህ ምን ይባላል? ብረት አፉን ሲነካው ያብዳል። አንጓች ቅባት ብትቀባው፣ ብታሸው፣ አልሆነም። ልጓም ያልገባለት ፈረስ ደግሞ ሜዳ አይወርድም።

ሽባባው ከፈረሱ ፊት ቁጭ ብሎ ይውላል። የት ሲነኩት ጆሮውን እንደሚጥል፣ የት ሲነኩት አንገቱን እንደሚያዞር ያያል። አንድ ቀን ገብቶ የአባታቸውን ጀንዲ ከግድግዳው አወረደ። አባታቸው የተኛባት፣ ከእሱ የቀረቻቸው አንዲት ቁርበት ናት። በቢላ ሸነሸናት።

«አበድክ!» ብላ ጮኸች አንጓች።

«አባዬ ቢኖር ራሱ ይቆርጣት ነበር» አላት።

ከዚያች ቁርበት ብረት የሌለው፣ አፍ የማይገባ፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ የሚያርፍ ልጓም ጎነጎነ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ተነስ አሸተተው፣ አሸተተውና ራሱን ዝቅ አድርጎ አስገባለት።

የጥምቀት ማግስት ሜዳው በጉግስ ተጫዋች ተሞላ። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» አለ ባልደራሱ፣ ያን ሳቁን እንደያዘ። ሽባባው ወጣ።

እናንተዬ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሰው ብረት የሌለውን ልጓም አይቶ መጀመሪያ ተንጫጫ። ፈረሱ ተለቀቀ። ያ ቆልማማ የነበረ እግር ከሁሉም ቀድሞ ይዘረጋል፤ ኮቴው ሣሩን የሚነካም አይመስል። ሽባባው የልጓሙን ዛብ ለቀቀና ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ ተነስ በጭን ብቻ እየታዘዘ ሜዳውን ዞረው። ተጫዋቾቹ ዘንጋቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ።  አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው አለቀሱ። ባልደራሱም «ይህን ነው ለጅብ ያልኩት?» አለ። 

ፈረሱ ሲቆም ጠቡ ጀመረ። ሦስቱም ይወዱታላ! ባለስሙ ፈረሱን ይዞ ወደ ፈቀደበት ይሄዳል፤ ለሌሎቹ የሚተርፋቸው በሩቁ ማየት ነው።

«መራመጃዬን ነው የሰጠሁት» አለ ደምለው። «ያኔ ብለቀው ዛሬ ምን ትጋልቡ ነበር?»

«በአንተ ትከሻ ሸክም ነበር፤ ፈረስ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች አንጓች። «እናቴን ሳልቀብር ነው የተማርኩለት።»

«ቆሞ የሚበላ ፈረስማ የትም አለ» አለ ሽባባው። «የአባዬ ጀንዲ ፊቱ ላይ ባይውል ኖሮ ማን ያየው ነበር?»

ሰዉም ተከፈለ። «ለአንካሳ ፈረስ ምን ያደርግለታል?» ሲባል «ያነከሰው ለማን ሆነና!» ይባላል። «ሴት አባ ትባላለች?» ሲባል «ወንዱ ሁሉ የታለ፣ አጥንት ሲቃና?» ይባላል። «ሥራ ፈት በመጨረሻ መጥቶ ሊወስድ!» ሲባል «ታዲያ ሥራ ወዳዱ ለምን አላሮጠውም?» አንዱ ጅል ደግሞ ፈረሱ ራሱ ይምረጥ አለ። ለቀቁት፤ ተነስ ሆዬ ሦስቱንም አልፎ የሰው በቅሎ ገብስ ላይ አፉን ተከለ።

የባልደራሱ ልጅ ግን አልሳቀም። አባት የታጣለት ፈረስ ወደ እነሱ ጋጣ ነው የሚመለሰው። እሱም የብረት ልጓም በእጁ ይዞ አባቱ አጠገብ መጥቶ ቆሟል።

ባልደራሱ መሃል ሜዳ ገባ። «አባ ተነስ!»

ደምለው አፉን ከፈተ። ዓይኑ አንጓች ላይ አረፈ፤ እሱ አፈር ያለበሰው፣ እሷ ያላየችው የእናታቸው መቃብር ትዝ አለው። አፉን ዘጋ። አንጓች ልትል ስትል የደምለውን ዳሌ አየች፤ ፈረሱን አቃንታ እሱን እንዲያው ትታዋለች። እሷም ተወችው። ሽባባውም ሁለቱን አያቸው፤ በየት በኩል አቤት ይበል?

«አባ ተነስ!»

ቅድም ሊደባደቡ የደረሱት ሰዎች አሁን «አንተ በል»፣ «አንቺ በዪ»፣ «ኧረ እሱ ይበል» ይባባላሉ። የባልደራሱ ልጅ አንድ እርምጃ ቀረበ፤ ብረቱ በእጁ ውስጥ ቃጨለ። ተነስ ገብሱን ተወ። ጆሮውን አቆመና መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሦስተኛው ጥሪ ቀርቷል። ባልደራሱ አለንጋውን አንስቶ ትንፋሽ ሳበ። ከሦስቱ አንዱ፣ ብቻውን፣ አቤት ካላለ ያ ብረት ያንን ጠባሳ ሊያገኘው ነው። እኔ እንደሆንኩ ማታ ደምለው ብዬ እተኛለሁ፣ ጠዋት አንጓች ብዬ እነሳለሁ፣ ፈረስ ሲሮጥ ባየሁ ጊዜ ደግሞ ሽባባው እላለሁ። እንግዲህ ሜዳው ዳር የቆማችሁት እናንተ ናችሁ። በሉ፣ ባልደራሱ አፉን ሳይከፍት ፍረዱ፤ ማን «አቤት» ይበል?