አልፒኗ ሞተር ላይ የታቀፈችው ዶሮ

ይህን ያወጋችኝ እህል ሻጯ ከድጃ ናት። እሷም ነገሩ ውስጥ አለችበት፤ ራሷን ግን ደህና አድርጋ ነው ያወራችው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጋሽ አንበርብር የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ አሉ። በደርግ ጊዜ አንድ ፈረንሳዊ ወደ አገሩ ሲገባ የተወላቸው አልፒን መኪና አለቻቸው፤ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ በከተማው ሁለተኛ የሌላት። «ልጃችንን ሊሻንን ስድር በዚህች ነው የማደርሳት» ብለው ለሟች ሚስታቸው ምለዋል።

የሰርጉ ዕለት ሚዜው ቀድሞ የፊቱን ክዳን ከፈተና ጮኸ፤

«ጋሼ፣ ሞተሯን ሰርቀዋታል!»

«ዝም በል አንተ! የዚህች ሞተር ከኋላ ነው።»

ከኋላ ቢከፍቱ፣ አንዲት ዶሮ ከሥር ገብታ ሞተሩ ላይ እንቁላል ታቅፋለች! ሚዜው እጁን ቢሰድ ነቆረችው። እንጨት ሊያነሳ ሲል ሙሽራዋ ከለከለች።

«በሰርጌ ቀን የማንም ቤት አይፈርስም። በማሽላ አባብሏት።»

«ታክሲ ልጥራ?» አለ ሚዜው።

«በታክሲ አንተ ሂድበት!» አሉ ጋሽ አንበርብር፤ ክራባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ወደ ከድጃ እህል መደብር ወጡ።

«ከድጃ፣ እፍኝ ማሽላ ስጪኝ። ማሽላው ዶሮዋን ያውርድ፣ ዶሮዋ ሞተሩን ትልቀቅ፣ ሞተሩ መኪናዋን ያስነሳ፣ መኪናዋ ልጄን ታድርስ።»

«ወላሂ፣ ያቺ ጎረቤቴ አስካለ ያስቀረችው ቁናዬ ሳይመለስ ጆንያ አልፈታም!»

ወደ አስካለ ገሰገሱ።

«አስካለ፣ ቁናውን መልሺ። ቁናው ከድጃን ያስታርቅ፣ ማሽላው ዶሮዋን ያውርድ፣ ዶሮዋ ሞተሩን ትልቀቅ፣ ሞተሩ መኪናዋን ያስነሳ፣ መኪናዋ ልጄን ታድርስ።»

«ፍየሌ አበባ በላች ብላ ለዘበኛው ያሳበቀች ማን ሆነና! ጎበና ፍየሌን ይፍታ፣ ቁናዋን ትወስዳለች።»

ጎበና መኪናዋ የምታድርበት፣ አበባውም ያለበት ግቢ ዘበኛ ነው።

«ጎበና፣ ፍየሏን ፍታ። ፍየሏ አስካለን ታብርድ፣ ቁናው ከድጃን ያስታርቅ፣ ማሽላው ዶሮዋን ያውርድ፣ ዶሮዋ ሞተሩን ትልቀቅ፣ ሞተሩ መኪናዋን ያስነሳ፣ መኪናዋ ልጄን ታድርስ።»

ጎበና ገመዱን ጨበጥ አደረገ።

«ጋሼ፣ ስንት ዘመን አጠብኳት፣ ጠበቅኋት። አንድ ቀን ‹ግባ› ብለውኝ ያውቃሉ? ሳልቀመጥባት አልፈታም።»

ጋሽ አንበርብር አንገታቸውን ደፉ።

«የኋላው ወንበር እኮ ጠባብ ነው።»

«እኔስ ምን ሰፊ ነኝ!»

«እንግዲያው ግባ።»

ያኔ ጎበና ፍየሏን ፈታ፣ ፍየሏ አስካለን አበረደች፣ ቁናው ከድጃን አስታረቀ፣ ማሽላው ዶሮዋን አወረደ፣ ሊሻን እንቁላሎቹን በቅርጫት አዛወረች፣ ዶሮዋ ሞተሩን ለቀቀች፣ ሞተሩ አጓራ፣ መኪናዋ ልጅቷን አደረሰች።

ዶሮዋ ቅርጫቱ ውስጥ ፈለፈለች። ፍየሏ የቀረውን አበባ ጨረሰች። ቁናው ከድጃ ዘንድ ነው። ሚዜው በታክሲ ሄደ። ሊሻን አዋሽ ትኖራለች። ጎበና እሁድ እሁድ ከጋሽ አንበርብር ጎን፣ ከፊት ይቀመጣል።