ከሰገነት የሚታየው ደን

አንድ ጥያቄ ለዓመታት አልለቀቀኝም። በየክረምቱ ችግኝ ስንተክል ካሜራው አለ፣ ንግግሩ አለ፣ ጭብጨባው አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ኮረብታ ላይ ቆሞ የሚያይስ ማን አለ? መልሱን ስፈልግ ይህን ታሪክ ለራሴ ነገርኩት። ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አንድ ንጉሥ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ሆኖ የሚያየው ትልቅ ደን ነበረው። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ገተሙ እርስ በርሱ ተቃቅፎ የቆመበት ደን ነው። የአገሩ ሰዎች ቀፏቸውን የሚሰቅሉት በዚህ ደን ዛፎች ላይ ነበር፤ በየዓመቱም እያንዳንዱ ቤት አንድ ገንቦ ነጭ ማር ለንጉሡ ይገብራል። በኋላ ግን የንጉሡ አዛዥ ደኑን ለአዳራሽና ለአጥር አስጨፈጨፈው። ኮረብታው ራሰ በራ ሆነ። ንቦቹ ሄዱ፤ ማር ስለጠፋም ግብሩ ቀረ።

አንድ ጠዋት ንጉሡ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ደነገጠ። "ይህን ኮረብታ አረንጓዴ ሆኖ ማየት እፈልጋለሁ" አለ። ያለው ይህንኑ ብቻ ነው፤ አዛዡም የሰማው ይህንኑ ብቻ ነው። ቶሎ የሚያድግ የፈረንጅ ጥድ በመስመር በመስመር አስተከለ። ክረምቶች አለፉና ኮረብታው አረንጓዴ ሆነ። ድግስ ተደገሰ፤ አዛዡ ካባ ተሸለመ። ከጥዱ ሥር ግን ሣር እንኳ አልበቀለም፤ ንብ የምትቀስመው አበባም አልነበረም። ይህን ለማወቅ ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ከቤተ መንግሥቱ የገባ አልነበረም።

ንጉሡም በደስታው መሃል፣ "ደኑ ከተመለሰ ማሩም ይመለስ" ብሎ አዘዘ።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ሰዎቹ "ማር የለንም" አላሉም። ፈሩ። ጊደራቸውንና በጋቸውን እየሸጡ ከወንዝ ማዶ ካለው አገር ማር ገዝተው ገበሩ። አዛዡም ገንቦዎቹን አዳራሹ ውስጥ ደርድሮ፣ "ንጉሥ ሆይ፣ ደንዎ ማር ሰጠ!" አለ። ሕዝቡ ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ የገዛው ማር ለውሸቱ ምስክር ሆኖ ቆመ።

ዘርፌ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በመጀመሪያው ዓመት ጊደሯን ሸጣ ገብራለች። በሁለተኛው ዓመት የቀረቻት አንዲት ላም ብቻ ነበረች፤ ልጆቿ የሚጠጡት የእርሷን ወተት ነው። ላሟን እየሳበች እስከ ወንዙ ሄደች። እዚያ ቆማ አሰበችና ተመለሰች። በማግሥቱ ባዶ ቀፎዋን ተሸክማ ቤተ መንግሥት ደረሰች።

"እትዬ ዘርፌ፣ ማሩ የታለ?" አለ በረኛው እየሳቀ። "ንጉሡን ቀፎ ልታበዪያቸው ነው?"

"ያለኝ ይኸው ነው። አሳልፈኝ።"

ንጉሡ ቀፎውን አየና ቅንድቡን አነሳ። "ጎረቤቶችሽ ሁሉ ገንቦ ሙሉ አምጥተዋል። ያንቺ ንብ ብቻ ናት የሰነፈችው?"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

"የእኔ ንብ አልሰነፈችም፣ ንጉሥ ሆይ። የለችም። የነሱም የለችም። ይህ ማር ከወንዝ ማዶ የተገዛ ነው። እዚህ ያለው ጎረቤቴ አያ ጓንጉል ይመስክር፤ አምና አብረን ነው የሄድነው።"

አያ ጓንጉል አዛዡን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ መሬቱን አየ። "እኔ... እኔ ከደኑ ነው የቆረጥኩት" አለ።

ዘርፌ አልተቆጣችውም። ከንጉሡ ቀኝ ወደተቀመጠው ሊቅ ዞረች። "እርስዎስ፣ አባቴ? የደናችን ማር ነጭ ነበር። ቀይ ማር ሲገባ አላዩም?"

ሊቁ ጢሙን ዳበስ አደረገ። "አይቻለሁ። የጠየቀኝ ግን የለም።"

"መማርዎ ታዲያ ለማን ነው?"

አዛዡ ከመቀመጫው ተነሳ። "ንጉሥ ሆይ፣ ከሰገነትዎ ሆነው ይዩት እንጂ! ያ ሁሉ አረንጓዴ ውሸት ይመስላል?"

"ይህን ቀፎ ጥዱ ላይ እሰቅለዋለሁ" አለች ዘርፌ። "ንብ ከገባበት ላሜን ውሰዱ። ብቻ አንድ ቀን አይታችሁ አትሂዱ፤ በየዓመቱ እየመጣችሁ ተመልከቱ።"

ንጉሡ ነገሩ አሳቀውና፣ "ላምሽን ታጫለሽ" ብሎ ፈቀደ፤ ግብሯንም እስከዚያ አቆየላት። እርሷም ቀፎውን ከሰገነቱ በደንብ ከሚታየው ጥድ ላይ ሰቀለችው።

መስከረም ጠባ፤ ቀፎው ባዶ ነበር። ሌላ መስከረም ጠባ፤ ሸረሪት አደራበት። ንጉሡ በየጠዋቱ አረንጓዴውን ሊያይ ሲወጣ ዓይኑ ቀፎው ላይ ያርፋል። በመጨረሻ አልቻለም። በእግሩ ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ደኑ ውስጥ ገባ። የወፍ ድምፅ የለም። እጁን ቀፎው ውስጥ ሰደደ፤ የሸረሪት ድር ይዞ ወጣ።

ያን ቀን ግብሩን አስቀረ። የአዛዡንም ካባ አስወልቆ ከቀፎው አጠገብ አሰቀለው። "ንብ የገባች ቀን ትለብሰዋለህ።"

"መቼ ትገባለች፣ ንጉሥ ሆይ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ያስጨፈጨፍከውን ትከል፤ እየገባህም እይ።"

ካባው ዝናብ ሲወርድበት ከረመ። የዘርፌ ላም ተረፈች። ጊደሯን ግን የመለሰላት የለም።

ደን በተተከለበት ቀን አይመለስም። ተመልሷል የሚባለው ጥለውት የሄዱት ተመልሰው ሲኖሩበት ነው፤ ያንን ደግሞ በየዓመቱ ውስጡ እየገባ ከሚያይ በቀር ማንም አያውቀውም። ከሰገነት የሚለካ ውሸት ይለካል፤ የውሸቱንም ዕዳ የምትከፍለው አንዲት ላም ብቻ ያላት ሴት ናት። እኔን ከአዛዡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ "የጠየቀኝ የለም" ያለው ሊቅ ነው። እናንተስ በዚያ አዳራሽ ብትኖሩ የት ትቀመጡ ነበር?

እኔ ወስኛለሁ። በመጪው ክረምት ለተከላ ስጠራ አዲሱ ጉድጓድ አጠገብ አልቆምም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ወደተከልንበት ኮረብታ እወጣለሁ። የቆመውንም የሞተውንም አያለሁ፤ ያየሁትንም ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና እወጣለሁ።