ነጭ ጠጠር የሞላው ማሰሮ

አንድ መድኃኒት ቀማሚ ነበር፤ ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። ሚስቱን ዘርፌን የማይለቅ የሆድ ሕመም ይዟት ነበር። ስትበላ ያቃጥላታል፣ ጦሟን ስትውልም ያቃጥላታል። በአገሩ እንደሷ የሚሰቃይ ሰው ብዙ ነው። መድኃኒት የሚባለው የተልባ ውኃ ብቻ ነበር፤ እሱም ለጊዜው ያስታግሣል እንጂ አይፈውስም። ቢያድግልኝ «ፈጣሪዬ ሆይ፣ ሳትሞትብኝ አንድ ነገር አሳየኝ» ብሎ ጸለየና አዲስ መድኃኒት ፍለጋ ተነሣ።

አሥራ አንድ ዓመት ሥር ቆፈረ፣ ቅጠል ወቀጠ፣ አፈላ፣ አጠለለ። ስድስት ጊዜ ቀምሞ ስድስቱንም ደፋ። ጀርባው ጎበጠ። ሰባተኛውን ሲቀምም «ጌታዬ፣ እንግዲህ ደክሞኛል» አለ።

ሰባተኛውን ዘርፌን ጨምሮ ለሃያ በሽተኞች ሰጠ። «ተልባውን ተዉትና ይህን ብቻ ጠጡ» አላቸው። ጽሕፈት ስለማያውቅ የራሱ ዘዴ ነበረው። በየማለዳው እየዞረ ይጠይቃል፤ ለተሻለው ሰው ነጭ ጠጠር፣ ላልተሻለው ጥቁር ጠጠር ማሰሮ ውስጥ ይጥላል።

«እንዴት አደራችሁ?» ይላል በየደጁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን።»

ነጭ ጠጠር ይጥላል። ቤቱ ሲመለስ ዘርፌንም «እንዴት ነሽ?» ይላታል።

«ተመስገን።»

እዚህም ነጭ ጠጠር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ማሰሮው በነጭ ጠጠር ሞላ። ወሬው ንጉሡ ዘንድ ደረሰና መልእክተኛ መጣ። «መድኃኒቱ በመጪው እሑድ በአዋጅ ለአገሩ ሁሉ ይታደላል። አንተም ካባ ትለብሳለህ፤ ተዘጋጅ» አለው።

ቀማሚው ደስ ሊለው ሲገባ አንድ ነገር ከነከነው። ዘርፌ መቀነቷን ሁለት ዙር ነበር የምትታጠቀው። አሁን ወገቧ ቀጥኖ ሦስት ዙር ሆኗል።

በማግሥቱ ጓንጉል የሚባለው የበቅሎ ነጋዴ ከሩቅ ገበያ ተመለሰ። እሱም ከሃያዎቹ አንዱ ነው፤ መድኃኒቱን ይዞ ስለሄደ እስከዚያ ቀን የጠየቀው አልነበረም።

«እንዴት አደርክ፣ ጓንጉል?» አለው ቢያድግልኝ።

«እንደ በቅሎዎቼ፤ ቆሜ!»

«ምነው?»

«ጋደም ስል ቃሩ ጉሮሮዬ ድረስ ይወጣላ! አያ ቢያድግልኝ፣ ይኼ ነገርህ ለበቅሎም አይሰጥ። ተልባዬን መልስልኝ።»

«ሌሎቹ ሁሉ እኮ ተመስገን ነው የሚሉኝ።»

ጓንጉል ሳቀ፤ ሳቁ ሆዱን ወጋውና እጁን ጫነበት። «ታዲያ ምን ይበሉህ? ሰው በማለዳ ደጁ ድረስ መጥተህ እንዴት አደርክ ስትለው፣ ነፍሱ ልትወጣ ቢሆን እንኳ ተመስገን ይልሃል። እኔ ገበያ ያበላሸኝ ባለጌ ሆኜ ነው። ለመሆኑ ሆዳቸውን መቼ ጠየቅሃቸው?»

ቢያድግልኝ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዘርፌ ምስር ትለቅም ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ዘርፌ፣ አሁን ሰላምታ አይደለም። ትናንት የበላሽው ምን አደረገሽ?»

ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች።

«በማርያም ይሁንብሽ!»

«አቃጠለኝ» አለች ቀና ሳትል። «ከተልባው ጊዜ ይብሳል። ደምም አይቻለሁ።»

«ሁለት ወር ሙሉ ተመስገን ስትይኝ?»

«እግዚአብሔርን ማመስገን ልተው እንዴ? ደግሞ ያንን የጠቆረ ጥፍርህን ሳየው… አሥራ አንድ ዓመት ለኔ የለፋህ ሰው፣ አልሠራም ብዬ እንዴት ላሳዝንህ?»

«አንቺ እያለቅሽ፣ እኔ እንዳላዝን?» አለ።

ያን ቀን እንደገና በየደጁ ዞረ። ምን በላህ? የቱ ጋ ያምሻል? ሌሊት ስንቴ አስነሣህ? እያለ ጠየቀ። ከሃያው አሥራ ሰባቱ ብሶባቸው ነበር። «ልፋትህን አይተን አፈርን» አሉት። ወደ ተልባቸው እንዲመለሱ ነገራቸው።

እሑድ መልእክተኛው ካባውን አስይዞ መጣ።

«ጌታዬ፣ መድኃኒቱ ገና ነው» አለ ቢያድግልኝ።

«ምን ማለትህ ነው? ይኸው ማሰሮህ ነጭ በነጭ ነው! ሰዉ ሁሉ ተመስገን እያለ!»

«ያመሰገኑት እግዚአብሔርን ነው፣ ጌታዬ። መድኃኒቴን አይደለም።»

መልእክተኛው ተቆጥቶ ካባውን ይዞ ሄደ። ቀማሚው ማሰሮውን ደጅ ላይ ገልብጦ ሙቀጫው አጠገብ ተቀመጠ። ስምንተኛውን ለመጀመር ግን ዘነዘናውን አላነሣም። መጸለይ እንኳ አቃተው።

ያኔ ዘርፌ ወጣች። ከመሬት አንድ ጥቁር ጠጠር አንሥታ ባዶው ማሰሮ ውስጥ ጣለችው።

«ይኸውልህ» አለችው። «ዛሬ እዚህ ጋ ነው፣ ከእምብርቴ ከፍ ብሎ። ምስር ስበላ ይነፋኛል። ገብስ ግን ቀለል ይለኛል።»

እስክትጨርስ ሰማት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለና ዘነዘናውን አነሣ።

ወገኖቼ፣ ተመስገን ማለት መልካም ነው፤ አንተወውም። ፈጣሪ ግን ምስጋናችንን የፈለገው ሕመማችንን እንድንሸፍንበት አይደለም። ለእርሱ ምስጋናውን እንስጠው፤ ለሚያክመን ደግሞ እውነቱን እንንገረው። ለሰው ልፋት አዝነን የምንናገራት ትንሽ ውሸት ልፋቱን ከንቱ ታስቀረዋለች፤ እኛንም ትገድለናለች። ጠያቂውም ቢሆን፣ በሰላምታ ጠይቆ የሰላምታ መልስ ሲያገኝ፣ አወቅሁ አይበል።

ዛሬ «እንዴት ነሽ?» ብለን «ተመስገን» ካሉን መካከል፣ የስንቷን መቀነት ልብ ብለን አይተናል?